ሰው ያልተጠጋት ሰሞን

የሻረግ የምትተዳደረው ልብስ በመስፋት ነው። እንጅባራ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ ባለች አንዲት ክፍል የስፌት መኪናዋን ገትራ የአገሩን ሴት አንገት ስትለካ ኖራለች። በዚህ ደጋ አንገት የለካ ሰው ደግሞ እንቅርት ብርቁ አይደለም። ውሃው ነው፣ ጎመኑ ነው፣ ዘር ነው እያለ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ይሰጣል እንጂ፣ እንቅርት አበጠብኝ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ሰው አይታ አታውቅም። ኮረዳዋ በንቅሳት ታስጌጠዋለች፤ ባልቴቷ ሻሽ ትጠመጥምበታለች። "ኮሌታውን ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ" የምትል ደንበኛ ስትመጣ የሻረግ ለምን ብላ አትጠይቅም፤ ከፍ ታደርጋለች። የራሷ አንገት ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ያገኘች ቀንም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የራሷን ኮሌታ ከፍ አደረገች።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ባቄላዋ እንቁላል አከለች፤ ድምጿም ጎረነነ። ባሏ ይሄነው ከእንጅባራ ዳንግላ ሚኒባስ የሚነዳ ቀልደኛ ሰው ነው። "ሴት አግብቼ ከመሪጌታ ጋር እየኖርኩ ነው" እያለ በድምጿ ሲያላግጥ ከርሞ፣ በመጨረሻ ራሱ ጎትቶ ባሕር ዳር ወሰዳት። ዕጢው ተቆርጦ ወጣ፤ የወጣውም ለምርመራ ተላከ። ውጤቷን ልትሰማ የሄደች ለት ሐኪሙ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ "ካንሰር ነው" ሲላት፣ የሻረግ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፤ ለሌላ ሰው የተነገረ መስሏት። ከኋላዋ ግድግዳ ብቻ ነበር።

"እንቅርት እኮ ነው" አለችው።

"እንቅርትም አንዳንዴ ካንሰር ይሆናል። ደግነቱ ያንቺ ዓይነቱ የሚድን ነው።"

የሚድን ነው ያለውን አልሰማችውም። ያን ጊዜ በዓይኗ ላይ የመጣባት የገዛ አንገቷ አልነበረም፤ የእናቷ አንገት ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ዘውድነሽ የሚኖሩት ጥርባ፣ ከወንድ ልጃቸው ከአወቀ ጋር ነው። እንቅርታቸው ከሙሽርነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነው፤ ያደርቀዋል ተብሎ ዙሪያውን ተነቅሷል። ንቅሳቱ አላደረቀውም፤ አሳምሮት ቀረ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ደግሞ የሰው ትእዛዝ የሚወዱ ሴት አይደሉም። የነፍስ አባታቸው "በዚህ ዕድሜዎ ጾሙን ቀለል ያድርጉት" ቢሏቸው የሚያጠብቁ፣ የግብርና ባለሙያው በመስመር ዝሩ ቢላቸው በብተና የሚያዘሩ ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ያ ለስላሳ እንቅርት ጠጥሮ፣ ሲተኙ ትንፋሻቸው እንደ ፉጨት ይሰማ ጀምሯል። የሻረግ ይህን ብትነግረው የባሕር ዳሩ ሐኪም ፊቱ ተለወጠ። "ቶሎ አምጫቸው" አላት። "ይህ ነገር ጊዜ አይሰጥም።"

ለእናቷ ብትነግራቸው ሳቁባት።

"እንቅርት ሰው ይገድላል? እኔ ወልጄ፣ ድሬ፣ ባል ቀብሬበታለሁ!" አሉ። የልጃቸው ፊት ሲገረጣ ጊዜ ግን ለዘብ አሉ። "እሽ፣ ተይ። መዠመሪያ አንች ዳኝ። ድነሽ ስትመጭ በዓይኔ ካየሁሽ፣ በማግስቱ እሄዳለሁ። አልዋሽሽም።"

የሻረግ ይህን ቃል ይዛ ነው አዲስ አበባ የሄደች። መዳን የፈለገችው ለራሷም ለልጇ ለሕይወትም ነበር፤ ግን ከምንም በላይ የምታስበው እናቷን እጃቸውን ይዛ ሐኪሙ ፊት የምታስቀምጥበትን ቀን ነው።

አዲስ አበባ የገጠመቻት ሐኪም ዶክተር ሶስና የምትባል፣ ረጋ ብላ የምታወራ ሴት ናት።

"ያ ዕጢ አዮዲን ይወዳል" አለቻት። "ደረቅ መሬት ውሃ እንደሚመጥ ይመጠዋል። ከቀዶ ጥገናው ያመለጠ ፍርፋሪ አንገትሽ ውስጥ ካለ፣ ጨረር ያለበት አዮዲን ስንሰጥሽ እንደለመደው ይመጠዋል። የመጠጠው ራሱን ያቃጥለዋል።"

"አዮዲን ማለት ጨው ውስጥ የሚጨመረው አይደል?"

"እሱው ነው። የኛው ጨረር አለበት እንጂ።"

ከዚያ በፊት ግን ፍርፋሪው በደንብ እንዲጠማ፣ አዮዲን ያለበትን ጨው፣ ወተቱን፣ እንቁላሉን ሁሉ ተይ ተባለች። እንቅርት የሚወጣባችሁ አዮዲን ያለበት ጨው ስለማትበሉ ነው እየተባለች ያደገች ሴት፣ አሁን ደግሞ ከዚያው ጨው ጹሚ ስትባል ሳቋ መጣ። ሳቁ አልቆየም። ከቀዶ ጥገናው ጀምሮ ትወስደው የነበረው እንክብልም ሲቋረጥ ፊቷ አበጠ፣ ሰውነቷ በረደ፣ የጀመረችውን ወሬ ለመጨረስ እንኳ ይደክማት ጀመር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

መድኃኒቱን በምትውጥበት ዕለት ጧት ከተሰጣት ክፍል ሆና ወደ ጥርባ ደወለች። አወቀ ስልኩን ለእናቱ ሰጠ።

"ማን አለ ኸጎንሽ?" ወይዘሮ ዘውድነሽ መጀመሪያ የጠየቁት ይህንን ነው።

"ማንም የለም እማ። መድኃኒቱን ከዋጥኩ በኋላ ሰው አይጠጋኝም። ጨረሩ ከሰውነቴ እየወጣ አጠገቤ ያለውን ይነካል። ቤት ከመጣሁ በኋላም ለሰሞኑ ማንም አይነካኝም፤ ሕይወትንማ ዳንግላ አክስቷ ዘንድ ሰድደናታል።"

እናቷ ክው ባለ ድምፅ ተናገሩ። "በሽተኛ ብቻውን ይተዋል? ብትወድቂስ? ክፉ ነገር ቢመጣብሽ ማን ይይዝሻል?"

"ምን ክፉ ነገር ይመጣል? ተኝቼ ነው የምውለው።"

"ጉድ ነው መቸም! ሰውን ኸሰው የሚለይ መድኃኒት ገና አሁን ሰማሁ።"

በንግግራቸው መካከል ያ ፉጨት ይሰማታል። ከበፊቱ ብሷል።

"እማ፣ ትንፋሽሽ ይጮኻል።"

"አቀበት ወጥቸ ነው።"

"ተቀምጠሽ አይደለም እንዴ የምታወሪው?"

"አንች ዳኝና ነይ ብያለሁ" አሉና ስልኩን ለአወቀ መለሱለት።

መድኃኒቱ የመጣው በወፍራም የእርሳስ ዕቃ ተከቶ፣ በጋሪ እየተገፋ ነው። የሻረግ አንድ ጠርሙስ ሙሉ መራራ ነገር ስትጠብቅ፣ ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ያለው አንዲት ፍሬ ናት። ነርሱ በረጅም መቆንጠጫ አንስቶ በትንሽ ኩባያ አቀረበላትና ወደ በሩ አፈገፈገ። በእኛ አገር ሰው ሲያጎርሱ ተጠግተው፣ በሞቴ ብለው ነው፤ ይህ ሰው ግን እየሸሸ አጎረሳት። በእጁ ሊነካው ያልደፈረውን እሷ ወደ ሆዷ ልትሰድደው ነው።

"አንተ የምትሸሸውን እኔ ልዋጠው?" አለችው።

"እኔ በየጊዜው ነው የምሰጠው፤ አንቺ አንዴ ነው የምትወስጂው።"

መልሱ ልክ ነበር፤ ድንጋጤዋን ግን አላቀለለላትም። ዋጠችው። ከባዱ በር ተዘጋ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሆዷ ውስጥ የሚነድ ነገር ጠበቀች፤ ምንም የለም። አለመንደዱ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። ከዚያ በኋላ ምግቧ በሩ ሥር ይቀመጣል፤ ጧት ጧት አንድ ሰው ከሩቅ በመሣሪያ ይለካታል፤ እንዴት አደርሽ የሚለው ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ ነው። ወደ ጥርባ ብትደውል ብትደውል ስልኩ አይሠራም። ይሄነውን ስትጠይቀው "ኔትዎርክ ተቋርጧል" አላት፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ኔትዎርክ መቋረጡ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም።

መንገዷ ረጅም ስለሆነ ዶክተር ሶስና ጨረሩ እስኪቀንስ ጨምራ አቆየቻትና ለቀቀቻት። የሻረግ በመኪናው ውስጥ ከጎኗ ያለውን ወንበር ባዶውን ይዛ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንጅባራ ገባች።

ባጃጁ ደጃፏ ላይ ሲያወርዳት ግቢው ውስጥ ሰው ቆሟል። ባሏ አለ። የእናቷ ታናሽ እህት ዋጋዬ ከጥሊሊ መጥታለች። ጎረቤትም አለ። ማንም ወደ እሷ አልተራመደም። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው እግሩ መሬት ሳይረግጥ ነው እየተሻሙ የሚስሙት፣ ጓዙን የሚቀሙት። እነዚህ ግን እጃቸውን አጣምረው፣ ከአጥሩ ተጠግተው መሬት መሬት ያያሉ። ልጇ የለችም። የሻረግ እንዲህ ያለ አቋቋም አሳምራ ታውቃለች። ሞቶበት ያልሰማ ሰው ቤት መርዶ ሊነግሩ የሄዱ ሰዎች እንዲህ ነው የሚቆሙት፤ እሷም ስንቱ ደጅ ቆማለች። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

"ልጄን!" ብላ ጮኸች። "ሕይወትን! ልጄን ምን አደረጋችኋት?"

"ኸረ ደኅና ናት! ኸረ በእግዜር!" ይሄነው ወደ እሷ ሮጠና መሃል ላይ ሲደርስ ተገታ። "አንቺው አይደለሽ አትጠጉኝ ያልሽ! ዳንግላ ናት፣ አንቺው አይደለሽ የሰደድሻት!" ስልኩን አወጣ፤ እህቱ ዘንድ ደውሎ ድምፁን ከፍ አደረገና ስልኩን በሩቁ ወደ እሷ ዘረጋው።

"እማዬ፣ ጨረርሽ አለቀ?" አለች ሕይወት።

የሻረግ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ግቢው ሁሉ አለቀሰ። ዋጋዬ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስትንሰቀሰቅ፣ የሻረግ ራሷ "ምን ያስለቅስሻል እትዬ፣ ድኜ መጣሁ እኮ" እያለች አጽናናቻት። ለቅሶው ድኖ ለመጣ ሰው ከሚገባው በላይ ነበር። እሷ ግን በደስታዋ ሰዓት የሰው እንባ የምትመዝን ሴት አይደለችም። የልጇን ድምፅ ሰምታለች፤ በድንጋጤዋም አፍራለች።

"እማስ?" አለች ፊቷን ጠርጋ።

"እግሯን አሟት ነው" አለች ዋጋዬ፣ ቶሎ ብላ። "ደሞስ ሐኪም ሰው አይጠጋት ብሏል።"

"ትንፋሿስ?"

"አሁን አያስቸግራትም።"

የሻረግ "ተመስገን" አለች።

ሰሞኑን የስፌት ክፍሏ መኖሪያዋ ሆነ። አልጋ ተዘረጋላት፤ ሳህኗ ለብቻ፣ ኩባያዋ ለብቻ፣ ፎጣዋ ለብቻ። ይሄነው ምግቧን በርጩማ ላይ አድርጎ ከበሩ ያስቀምጥና ዞር ይላል፤ እሷ ወጥታ ታነሳለች። "በገዛ ቤቴ የቆሎ ተማሪ አደረግከኝ" ትለዋለች። እንክብሏን መልሳ ጀምራለች፤ ጨውም ተፈቅዶላት የመጀመሪያዋን ጨው ያላት ወጥ ስትቀምስ እንባዋ ነው የመጣው። ሰፈሩ ደግሞ ሰፈር ነው፣ አፉ አያርፍም። አንዷ የሚተላለፍ በሽታ ይዛ መጣች አለች፤ ሌላዋ ሲመሽ ሰውነቷ ያበራል አሉ ብላ አስወራች። ይህን የሰማች ለት የሻረግ በመስኮቷ ብቅ ብላ "መብራት ሲጠፋ ኑ፣ በነፃ አበራላችኋለሁ!" ብላ ጮኸችባቸው።

የከበዳት ሌላ ነው። ሰው አለመንካት እንዲህ የሚጎዳ መሆኑን አታውቅም ነበር። የደንበኛዋን ወገብ መለካት፣ የልጇን ፀጉር መጎንጎን፣ ባሏ ሲያልፍ ትከሻዋን ቸብ ማድረጉ፣ እነዚህን ሁሉ ድሮ ከምንም አትቆጥራቸውም። አሁን በመስኮቷ ሰው ሲጨባበጥ ስታይ ዓይኗ ይቀላውጣል። ግን አጥብቃ ያዘችው፤ ማንንም ከበሩ አታሳልፍም። በዚያ ላይ ከሁሉ የሚናፍቋት እናቷ ናቸው። ፊታቸውን በእጇ ይዛ፣ ያን የተነቀሰ አንገታቸውን አይታ፣ "ቃልሽን!" ልትላቸው ነው።

አንድ ቀን ወንድሟ አወቀ በፈረስ ድንች ጭኖ መጣ። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከአጥሩ ሥር ቆመ።

"አያ አወቀ፣ ኸረ ባርኔጣህን አውልቅ፣ ፊትህን ልየው። እዚያ ድረስ ጨረሬ አይደርስም።"

"ብርዱ ነው" አለ። የእንጅባራ ብርድ ባርኔጣ የሚያስደፋ መሆኑ እውነት ነው።

"እማ ምን አለች?"

"ምን ትላለች? ዳኝ ብላለች።"

"እኔን ለማየት ዛሬ ከፈረሱ ኋላ ተከትላህ መምጣት ነበረባት። ሐኪም ከለከለ ብትሏት እናቴ እንዲህ የምትሰማ ሰው ናት?"

አወቀ የፈረሱን ልጓም ያለ ምክንያት ፈትቶ ያለ ምክንያት መልሶ አሰረ። "ላንች ብላ ነው" አለ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

የሻረግ ነገሩ ገርሟት ዋለ። እናቷ የሰው ትእዛዝ ሰምተው እቤታቸው ተቀመጡ? ገርሟት ገርሟት ሲያበቃ ልቧ ተነካ፤ ለኔ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐኪም ቃል አከበረች ብላ ኮራች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ድንች ተራ ያለች ሴት የምታውቀውን፣ ባጃጅ ነጂው የሚያውቀውን፣ ያ መንደር ሙሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አታውቅም ነበር።

ወዲያውኑ ለባሕር ዳሩ ሐኪም ደወለች። ሐኪሙ እሷ ነጻ ከምትሆንበት ቀን ቀጥሎ ላለው ሐሙስ ቀጠሮ ሰጣት። ይሄነው ራቷን ሊያስቀምጥ ሲመጣ በደስታ ነገረችው።

"ለእማ ከፊት፣ ካንተ ጎን ያለውን ወንበር ያዝላት። ከኋላ ከተቀመጠች መንገዱ ያማታል።"

"እሺ" አለ።

"አልሄድም ብትል ሁለታችን ጎትተን ነው የምንወስዳት።"

"እሺ።"

"ምነው ዛሬስ እሺ እሺ አልክ? ቀልድህ የት ሄደ?"

ይሄነው በርጩማውን እያየ "ነዳጅ ልቅዳ" ብሎ ወጣ። የሻረግ ተከትላው እስከ በሩ ሄደች። "ካልሆነ ነገ ጥርባ ውሰደኝ፤ ከአጥር ውጭ ቆሜ አይቻት እመለሳለሁ" አለችው።

"አይሆንም!" ድምፁ ከልኩ በላይ ከፍ አለ። "ሐኪሟ ያለችው ቀን አልሞላም።"

"አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም አክባሪ የሆንከው?"

በዚያው ጨለማ ውስጥ ገባ።

ቀኑ ሞላ። ዶክተር ሶስና በስልክ "ከነገ ጀምሮ እንደ ልብሽ ነሽ፤ ልጅሽን እቀፊያት" አለቻት። የሻረግ በማለዳ፣ እንጅባራ ገና ጉሟን ሳትገፍ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን አበጠረች፣ ንጹሕ ቀሚስ ለበሰች። ከሰዓት ልጇ ከዳንግላ ትመጣለች፤ ከዚያ በፊት ግን ጥርባ ደርሳ ልትመለስ አስባለች። ጫማዋን እያሰረች ሳለ ግቢው ውስጥ የብዙ ሰው እግር ኮቴ ሰማች። እንኳን ለዚህ አበቃሽ ሊሏት የመጡ ናቸው አለች በልቧ።

በሩ ተከፈተና ይሄነው ገባ። ያን ሁሉ ሰሞን ያልተሻገረውን ደፍ ተሻገረ፤ አላመነታም፤ ቀጥ ብሎ መጥቶ አቀፋት።

የሻረግ በትከሻው ላይ ሳቀች። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ እሱም ናፍቋት ነበር። "ተመስገን፣ ተመስገን" አለች። ደረቱ ሞቃት ነው። የሰው ገላ እንዲህ እንደሚሞቅ ረስታው ነበር። ጠግባ ልትላቀቅ ስትል ክንዱ አልላላም። ይልቅ ጠበቀ። ከኋላዋ ሌላ እጅ ቀኝ ክንዷን ያዘ፤ ዞር ብላ ስታይ አወቀ ነው፤ ባርኔጣው የለም፤ ራሱን ተላጭቷል። ዋጋዬ በግራ በኩል ገብታ ወገቧን ጨምድዳ ያዘች። በበሩ የሚገቡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ሰው ለደስታ እንዲህ አድርጎ አይይዝም። ለደስታ ያቀፈ ሰው ይለቃል።

"ማን?" ማለት ፈለገች፤ ድምጿ አልወጣም። ማን እንደሆነ ግን አጥንቷ ድረስ ያውቀዋል፤ ወንድሟ ራሱን የሚላጨው ለማን ነው?

"እማ አርፋለች" አለ አወቀ።

ሁሉም ጩኸቷን ጠብቀው ያዟት። የሻረግ አልጮኸችም። አንዱን ፊት ከሌላው ፊት እያቀያየረች አየች፤ ባሕር ዳር ካንሰር ነው የተባለች ለት ግድግዳውን እንዳየችው ዓይነት አስተያየት ነበር።

"ቀጠሮ ይዤላታለሁ እኮ" አለች ቀስ ብላ። "ሐሙስ ነው። ሐኪሙ አምጫት ብሏል።"

የባሏን ሸሚዝ ጨብጣ ያዘች።

"ወንበር ይዘንላታል፤ ከፊት። አይደለም እንዴ ይሄነው? እሺ ብለኸኛል። አንተ እሺ ብለኸኛል!"

ይሄነው ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ይንሰቀሰቃል። የሻረግ ወደ ወንድሟ ዞረች። "መቼ?"

"ስልክ በተነጋገራችሁበት ዕለት ነው" አለ አወቀ። "አንች ያን መድኃኒት በምትውጭበት ቀን። ከሰዓት ትንፋሽ አጠራት። በቃሬዛ ይዘናት ወጣን፤ አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ..."

ያን ጊዜ ማለት እሷ እዚያ ክፍል ተቀምጣ ሆዷ ውስጥ እሳት ስትጠብቅ ነው። በመኪና ስትመጣ እናቷ የሉም። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ተመስገን ስትል የሉም። ስልክ ደውላ ቀጠሮ የያዘችው ለሞተ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ ያውቃል፤ ምግብ አቀብሏታል፣ ቀልዷን ሰምቷል፣ አብሯት ስቋል።

"ቀብራችኋታል?"

"ቀብረናታል።"

"እኔ ሳልኖር?" አሁን ድምጿ ወጣ፤ ቁጣ ነበር። "ሐኪም አትንኳት አለ እንጂ አትንገሯት አለ? ከአጥር ማዶ ሆናችሁ አትነግሩኝም ነበር? ድንች ይዘህ ትመጣለህ? ዳኝ ብላለች ትለኛለህ? ማን ፈቀደላችሁ?"

"እሷ ናታ!" አለች ዋጋዬ። ወገቧን እንደያዘች ፊቷን ቀና አድርጋ ነው የተናገረች። "እሷው ናት። ቃሬዛው ላይ ሆና፣ በዚያች ባለቀች ትንፋሿ፣ በአዊኛ ነው የነገረችን። 'ልጄን ሰው እንዳይነካት ተከልክሏል፤ አሁን ብትነግሯት ለብቻዋ ትወድቃለች፤ የሚያነሳት የለም። ሰው ይንካት እስኪባል አፋችሁን ዝጉ' አለች። ሁላችንንም አስማለችን። 'በምትነግሯት ለት ደሞ አጥብቃችሁ ያዟት፤ ልቀቁኝ ብትል እንዳትለቋት' አለች።"

ለቄስ ያልታዘዙ፣ ለሐኪም ያልታዘዙ እኒያ ሴት፣ የማያውቋት ዶክተር ከአዲስ አበባ ያዘዘችውን አንዲት ትእዛዝ እየሞቱ አክብረውላታል።

የሻረግ የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። ጩኸቷ ከአጥሩ አልፎ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ። ወደ መሬቱ ተወረወረች፤ መሬቱ ግን አላገኛትም፤ በእጅ ላይ ነው የወደቀችው። ታገለቻቸው፤ በክርኗ መታቻቸው፤ የይሄነውን ሸሚዝ ቀደደችው።

"ልቀቁኝ!" አለች። "ልቀቁኝ!"

አንድም ሰው አልለቀቃትም።